ቀስ በሉ እና ድምፁ የጠፋው ሞተር

ስለዚህ ሰው ለመጻፍ የሚበቃ ነገር አውቃለሁ ብዬ አልደፍርም። የሚሠራበት የውኃ ፓምፕ ቤት ከግቢዬ አጥር ጋር ይዋሰናል፤ ሆኖም ለዓመታት «እንደምን አደርክ» ከመባባል ያለፈ ነገር አልነበረንም። እኔ ዓይን አፋር ነኝ። እሱ ደግሞ አንድ ቃል ከማውጣቱ በፊት ደጋግሞ የሚያስብ ሰው ነው። ከምጽፈው ውስጥ ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከፊሉን ሚስቱ አጫውታኛለች። ስለ ኤሌክትሪኩ የምለው እሱ አስረድቶኝ የገባኝን ያህል ብቻ ነው።

ሰፈሩ «ቀስ በሉ» ይለዋል። ሞተር አጠገብ ሰው ሲጠጋ ከአፉ የሚወጣው እሱ ስለሆነ ነው። ብሎን ሲፈታ ቀስ፣ በር ሲዘጋ ቀስ ነው።

«እወድሻለሁ እስኪለኝ ድረስ ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኮ ነበር» ትላለች ሚስቱ፣ እሱ እየሰማ። «ያኔ ብቻ ሮጠ!»

እሱ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፤ መልሱ ያ ነው።

ፓምፑን የሚያሽከረክረው ሞተር የበሬ ያህል ግዙፍ ነው። ዱሮ ማብሪያው ሲጫን «ዱም!» ብሎ ይነሣል፤ በዚያች ቅጽበት በየቤቱ ያለው አምፖል ደብዘዝ ብሎ ይመለሳል። ውኃ የሚለቀቅልን በፈረቃ፣ ያውም መብራት ሲኖር ስለሆነ ሰዓት አልነበረውም። ምልክታችን አምፖሉ ነበር። ጠራራ ፀሐይ ላይ እንኳ አንድ አምፖል ሳናጠፋ እንተዋለን፤ ደብዘዝ ሲል ባልዲና ጀሪካን ይዘን ወደ ቧንቧ እንሮጣለን።

ኋላ በፓምፑ ቤት ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳዎች ተተከሉ፣ ባትሪዎችም መጡ። መብራት ቢጠፋም ውኃ ሊኖር ነው ተባለ። ችግሩ ሞተሩ ነበር። ሲነሣ በአንዴ የሚጎትተው ኃይል ስለሚበዛ፣ የፀሐዩን ኃይል የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱን ያጠፋል።

«የተኛን ሰው በጥፊ ብትቀሰቅሰው ምን ይሆናል? ደንግጦ ቤቱን ይረብሻል» አለኝ ቀስ በሉ። «ትከሻውን ነካ አድርገህ መቀስቀስ ነው።»

ትከሻ የሚነካው የፍጥነት መቆጣጠሪያ የሚባል ሳጥን ነው። ሳጥኑ ኤሌክትሪኩን ይከታትፍና መልሶ እየገጣጠመ፣ በትንሹ ጀምሮ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። ቀስ በሉ ክረምቱን ሙሉ ያንን ሳጥን ከሰሌዳዎቹ፣ ከባትሪዎቹና ከመብራቱ መስመር ጋር ሲያስማማ ከረመ። ደመና ሲያልፍ ፓምፑ ቀጥ እንዳይል፣ ፍጥነቱን ቀንሶ እንዲጠብቅ አደረገው። የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ አባት እጁን ሞተሩ ጀርባ ላይ ጭኖ ቆሞ አየው ነበር።

ሥራው ያለቀ ዕለት በአጥሩ ላይ ጠራኝ፤ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ሚስቱም ነበረች። እርሳስ በቁሙ ሞተሩ ላይ አቆመና አስነሣው። ሞተሩ ዞረ፣ ውኃው በቱቦው ተስቦ ወጣ፣ እርሳሱ እንደቆመ ቀረ። ድምፅ የለም። ቀስ በሉ ፊቱ በራ፤ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ችግሩ ከዚያ መጣ። አምፖል አይደበዝዝም፣ «ዱም» የለም። ውኃው እንደ ፀሐዩ፣ ያለ ሰዓት መጥቶ ይሄዳል፣ እኛ አምፖል ላይ አፍጥጠን እንጠብቃለን። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ውኃ ተቋረጠ ብሎ ለስብሰባ ተጠራራ። ፀጉር ሠሪዋ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች መጣች።

«ራሷን በሳሙና ያሸሁላት ደንበኛዬ አረፋዋን ተሸክማ ተቀምጣለች! ምን ልበላት?»

«ውኃው እኮ እየመጣ ነው» አለ ቀስ በሉ።

«መምጣቱን ማን ነገረን? ሹልክ ብሎ ገብቶ ሹልክ ብሎ ይወጣል፣ እንደ ሌባ! ዱሮ ቢያንስ በሩን ይደበድብ ነበር።»

ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። የውኃ ኮሚቴው ሊቀመንበር በሚቀጥለው ስብሰባ መፍትሔ ካልመጣ ሳጥኑ ተነቅሎ የዱሮው ማብሪያ ይመለሳል አሉ። ያ ማለት ሞተሩ በፀሐይ አይነሣም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ውኃ አይኖርም። የክረምቱ ልፋትም ገደል ገባ ማለት ነው።

ቀስ በሉ መጀመሪያ ደወል ሰቀለ። ደወሉ ሲጮህ ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ዕረፍት የሆነ መስሎት ተማሪው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው መጥተው ደወሉን አስወረዱ።

መላውን ያመጣችው ሚስቱ ናት። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲተክዝ አይታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ ሰው ቤት ሲገባ ምን ያደርጋል? በር ላይ ቆሞ እህም ይላል። ሞተርህም እህም ይበላ!» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ፤ «ሮጠ» ብላኛለች፣ እኔ ግን አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሳጥኑ ኤሌክትሪኩን አድቅቆ ሲከትፈው ሞተሩ ዝም ይላል፤ ሸካራ አድርጎ ሲከትፈው ሞተሩ ያፏጫል። ቀስ በሉ ያን ፉጨት ለማጥፋት ነበር ብዙ የደከመው። አሁን ሞተሩ ገና ሲነሣ ክትፎውን ሸካራ አደረገው፤ ሞተሩን እንዳያግለው ለአፍታ ብቻ፣ ከዚያ ወደ ዝምታው ይመለሳል።

በማግስቱ ጠዋት ከፓምፑ ቤት ቀጭን፣ እየጨመረ የሚሄድ ፉጨት ተሰማ። ሰው በየበሩ ወጣ። ፀጉር ሠሪዋ ቧንቧዋን ከፍታ ውኃው ሲንዠቀዠቅ ባልዲዋን ረስታ ማጨብጨብ ጀመረች።

«እሰይ! አሁን ጨዋ ሆነ! ቀስ በሉ፣ እጅህ ይባረክ!»

በስብሰባው ሳጥኑ እንዲቆይ ተወሰነ፤ የተቃወመ አልነበረም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ፓምፑ ቤት ገባሁ። በጨርቅ እጁን እየጠረገ ነበር። ደመናው ስለ ተገፈፈ ሞተሩ ሊነሣ ተዘጋጅቷል። ፉጨቱ ሲጀምር ውጭ ሴቶች ሲጠራሩ፣ ባልዲ ሲጋጭ፣ ልጆች ሲስቁ ይሰማል። እሱ ጀርባውን ለሞተሩ ሰጥቶ፣ ፉጨቱ እስኪያልቅ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ሞተሩ ዝም ሲል የእሱ ትከሻ ላላ።

እንዲህ ያለ ነገር ሰው መጠየቅ አልችልበትም፤ አፌ ግን ቀደመኝ።

«ከልብህ ንገረኝ» አልኩት፣ «እንደዚያ እንደ እርሳሱ ቀን ድምፁ ሳይሰማ ቢነሣ አይሻልህም ነበር?»

ጨርቁን አጥፎ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠ። ውጭ ሚስቱ ከፀጉር ሠሪዋ ጋር ስትሳሳቅ ይሰማል።

«ይቺን ጥያቄ እንኳ አትጠይቀኝ፣ ጎረቤቴ» አለና በሩን ቀስ አድርጎ ከፈተልኝ።