ጾመኛ አይደለሁም ብል ማን ሊያምነኝ

ዛሬ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት እትዬ አስካል ናቸው፤ ወጣት መምህር ሳለሁ ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ ቤት አከራይተውኝ፣ በወር ኮንትራት ያበሉኝ የነበሩ ሴት። በዓመት ሁለት ሦስቴ እንደዋወላለን። የዛሬው ግን የሰላምታ አልነበረም።

«መምህር፣ ጽጌ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆናት። ሸሕዲ ሐኪም ቤት አስገብተናታል። ኧረ እባክዎ በጾምዎ ያስቡልኝ!» አሉኝ። ጽጌ አንድ ልጃቸው ናት።

«እሺ እትዬ፣ አይዞዎት» አልኩ። ስልኩ ተዘጋ፤ እኔም ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። በየትኛው ጾሜ ነው የማስበው? ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን እንደማንኛውም ሰው እጾማለሁ፤ ከዚያ ያለፈ የለኝም። እትዬ አስካል ግን ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላ፣ እኔን ከበረሃ መናኝ አንድ አድርገው ነው የሚያዩኝ። ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ። ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከመነሻው ምግብ መራጭ ነኝ። የሽንኩርት ልጣጭ መሳይ ነገር ወጥ ውስጥ ካየሁ እጄን እሰበስባለሁ። ወተት ይሸተኛል። የሚዝለገለግ ነገር ሳይማ ጉሮሮዬ ራሱ ይዘጋል። ጋይንት ስናድግ እናቴ፣ «ይህ ልጅ የጌታ ቤት ምላስ ይዞ ከድሃ ቤት ተወለደ» እያለች ታማርር ነበር፤ ግን እናት ናትና የእኔን ለብቻ ትሠራለች። እኔም መራጭነት መብቴ እየመሰለኝ አደግሁ። ከሰው ማዕድ መቀመጥ ምን እንደሚጠይቅ ሳላውቅ ነው መምህር ሆኜ የወጣሁት።

ኮኪት የደረስኩት በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው። ከሸሕዲ የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ በወረዱ የቀን ሠራተኞች ጢም ብሏል፤ ሁሉም ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ታቅፏል። መኪናው ጥቁሩ አፈር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቀረቀረና ሦስት ጊዜ ወርደን ገፋን። ከደጋው ጋይንት ጋቢ ለብሼ የወጣሁት ሰውዬ ኮኪት ስገባ ሸሚዜ ከገላዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ማሽላው ከሰው በላይ ቆሟል፣ ሰሊጡ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ሙቀቱ ደግሞ ከላይም ከታችም ነው የሚመጣው።

የእትዬ አስካል ባል ጋሽ ፈንታ ሰሊጥ አራሽ ናቸው፤ በአጨዳ ሰሞን እርሻቸው ላይ ነው የሚያድሩት። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የነበርነው እትዬ አስካልና እኔ ነን። እሳቸው ያኔ ሠላሳ አምስት ቢሆናቸው ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበሩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጽንስ በወባ ወጥቶባቸዋል፤ ይህን የሰማሁት ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ ከጎረቤት ነው።

በመጀመሪያው ምሳ የማሽላ እንጀራ ላይ ዌካ ፈሰሰልኝ። ዌካ ባሚያ ደርቆና ተፈጭቶ፣ በሥጋ የሚሠራ ወጥ ነው፤ ቆለኛ ይሞትለታል። እኔ ግን ስጠቅሰው ከእንጀራው ጋር ክር እየመዘዘ ሲነሳ አየሁና እጄን ሰበሰብኩ።

«ምነው መምህር፣ አትበላም እንዴ? እጄ አልጣመህም?» አሉኝ።

እንዴት «አልጣመኝም» ይባላል? የሴት እጅ መናቅ እኮ ነው፤ ያውም በመጣሁበት ቀን። ጽጌ ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። እንደምታውቁት ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የሚጾመው ይጾመዋል፣ የማይጾመው አይጠየቅም። አፌ ከእኔ ቀድሞ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ጽጌን እጾማለሁ» አለ።

ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «በዚህ ዕድሜህ! እሰይ የኔ ልጅ!»

በማግስቱ የጾም ዌካ ሠርተው በሰሊጥ ዘይት አንቆርቁረው አቀረቡ። ያው ይዝለገለጋል። ጉድ ፈላ! «ዘይትም አልበላም» አልኩ። ሰሊጥ በሚታጨድበት አገር፣ በሰሊጥ ወቅት፣ ዘይት አልበላም! በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከፊቴ ቆመው እንዳያዩኝ ብዬ፣ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» አልኩ። ውሸት አንዴ በር ከከፈቱላት ቤተሰቧን ሁሉ ጠርታ ነው የምትገባው። ከዚያ በኋላ ምግቤ ደረቅ የማሽላ እንጀራ፣ በርበሬና ውኃ ሆነ። ሻይ ቤት ገብቼ ዳቦ እንዳልበላ ከተማው ትንሽ ነው። ጾመኛው መምህር በረፋድ ዳቦ ሲገምጥ ታየ ከመባል ረሃቡ ይሻለኛል አልኩ።

በሦስት ሳምንት ሱሪዬ ከወገቤ አልያዝ አለኝ። ቀበቶዬን በሚስማር ሁለት ጊዜ በሳሁት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰሊጥ የሚመዘንበት መጋዘን በር ላይ ሠራተኞቹ እየተሳሳቁ በባስኩሉ እርስ በርስ ይመዛዘናሉ፤ «መምህር ይውጣ!» ብለው ጎትተው አወጡኝ። አርባ ስድስት ኪሎ። «ኧረ ግማሽ ኩንታል እንኳ አይሞላም! አንድ ጣሳ ሰሊጥ ይጨመርበት!» ብለው አወኩ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በአነጋገራቸው ጎጃሜ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ግን ቆጣ አሉና፣ «ዝም በሉ! ሥጋውን ትቶ ለነፍሱ ያደረ ሰው ነው» ብለው ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙ። አባቴ የሚሆኑ ሰው! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ አስካልም ከዚያ ወዲህ አንቱ ይሉኝ ጀመር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

የሚገርመው ደግሞ፣ እኔ ራሴ መወናበዴ ነው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነቃለሁ። ራሴ ቅልል ይለኛል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከወትሮው ቀርቦ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ከመራጭነት የመጣ ረሃብና ከጾም የመጣ ረሃብ ሆድ ውስጥ አንድ ዓይነት ነው እንዴ? ሳላስበው እየጾምኩ ይሆን? ምናልባት እግዚአብሔር በዚሁ በዌካው በኩል ጠርቶኝስ ቢሆን? እንዲህ እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እናቴ የሠራችው ምግብ ትዝ ይለኝና ዕንባዬ ይመጣል። ጾመኛ ለወጥ ያለቅሳል?

ይህን ሁሉ ያፈረሰችው ሲስተር ሙሉ ናት፤ የጤና ጣቢያው ነርስ። በዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤት ድረስ መጣችብኝ።

«አንተ መምህር፣ ምን እያስተማርካት ነው?»

«ማንን?»

«አስካልን ነዋ! በዚህ ወር መጨመር ሲገባት አራት ኪሎ ቀንሳለች። ወተት ጠጪ፣ እንቁላል ብዪ ስላት ‹መምህሩ ጦሙን እየዋለ እኔ ወተት ስጠጣ አላፍርም?› ትለኛለች። እንዲህ ከቀጠለች ይህም ልጅ አይቆምላትም። ሰምተሃል?»

እኔ ወጥ መሸሼን እንጂ ሰው እየተከተለኝ መሆኑን መቼ አውቄ! ለካ እኔ በልቼ ስነሳ ተከድኖ የሚቀመጠው ሞሰብ እንደተከደነ ነው የሚያድረው። ሩጫ ወደ ቤት ሄድኩ። እትዬ አስካል ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰሊጥ ያበጥራሉ፤ የእጃቸው አጥንት ወጥቷል። እንዴት እስከዚያ ቀን አላየሁትም?

«እትዬ፣ ስሙኝ። እኔ ጾመኛ አይደለሁም። ምግብ መራጭ ነኝ። ዌካው ስለተዝለገለገብኝ ነው የዋሸሁት።»

ፈገግ አሉ። «ውነተኛ ጾመኛ ጾሙን ይሸሽጋል፤ ወንጌልም የሚለው ይህንኑ ነው።»

«ኧረ አልሸሸግሁም! ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ወተትም ይሸተኛል። እናቴን ጠይቁ!»

«አይ መምህር፣ ይህን ያህል ራስን ዝቅ ማድረግ!» አሉና ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። «የነፍስ አባቴም ነፍሰ ጡር አትጾምም ብለውኛል፤ አውቃለሁ። ግን ሁለቱ የወጡብኝ በልቼ ጠጥቼ ነው። አሁን እመቤታችን እርስዎን ቤቴ ድረስ ስትልክልኝ ዝም ብዬ ልብላ?»

እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ቅድስናዬ ይጨምራል። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሲስተር ሙሉ እርሻ ድረስ ልካባቸው ኖሮ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋሽ ፈንታ በትራክተር ደረሱ። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም፤ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ነው የሚፈሰው። እሳቸው ያንን ሰሊጥ ትተው ነው የመጡት። አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«እውነቱን ንገረኝ። ምንድን ነው ነገሩ?»

«ዌካ አልወድም ጋሼ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

መጀመሪያ የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ድንገት ቀረና ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ አምኜሃለሁ። እሷ ግን አታምንህም። ሁለት ልጅ በነዚህ እጆቼ ቀብሬያለሁ፤ ሦስተኛ መቅበር አልችልም። ስለዚህ ግባና ብላ!»

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ዌካው በሥጋ ተሠርቶ መጣ፤ ከጎኑ አንድ ትልቅ ጣሳ ወተት። እትዬ አስካል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በሩ ሥር ቆመዋል። ጠቀለልኩና ጎረስኩ። ክሩ ከአፌ እስከ ሳህኑ ተመዘዘ። በግድ ዋጥኩት። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ላብና ዕንባ አንድ ላይ ይወርዳል። ወተቱን ትንፋሼን ይዤ ጨለጥኩት። ጋሽ ፈንታ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ከአናቴ ቆመው፣ «ጨርሰው» ይላሉ።

እትዬ አስካል ዕንባዬን አዩ። «ወይኔ! በእኔ ምክንያት ጾማቸውን ገደፉ! ስለ ልጄ ብለው ጾማቸውን ሰጡ!» ብለው ከእግሬ ሥር ወደቁ።

ልክ አይደለም ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ፈንታ ትከሻዬን ጨመቁት። ጠቅልዬ ለእትዬ አስካል አጎረስኳቸው። አልተቃወሙም፤ እያለቀሱ በሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ካልበላሁ አይበሉም ነበርና፣ በቀን ሦስት ጊዜ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ያቀረቡትን ሁሉ በላሁ። ወተቱን ለመድኩት፤ ዌካውን ግን እውነቱን ለመናገር እስከ መጨረሻው አልወደድኩትም። ልጅቷ በየካቲት ተወለደች፤ ድምፅዋ ከግቢው አልፎ ይሰማ ነበር። ስሟን ጽጌ አሏት። በክርስትናው ድግስ ላይ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ተነሥቼ እውነቱን ለመናገር ሞከርኩ፤ ሰዉ «እንዴት ያለ ትሑት ነው!» እያለ አጨበጨበልኝ። ጋሽ ፈንታ ብቻ ጠላቸውን እየጠጡ በዓይናቸው ይስቁብኝ ነበር። እውነቱን የሚያውቁት እሳቸው አሁን በሕይወት የሉም።

ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው። መንገዱ ቢመች ተነሥቼ ሸሕዲ በሄድኩ። አልተመቸም። ታዲያ ምን ላድርግላት? ሰባት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ምሳ አቀረበች። ተጋቢኖ ሽሮ፤ በሸክላው ውስጥ እየተንተከተከ። በዚህ ዓለም ላይ ሳልመርጥ የምበላው ነገር ቢኖር እሱ ነው። እጄን ልሰድ ብዬ መለስኩት። ያኔ የተውኩት ሁሉ የጠላሁትን ነበር፤ የምወደውን ለማንም ብዬ ትቼ አላውቅም። አንዴ ልሞክረው አልኩ። እግዚአብሔር ይሰማኝ ይሆናል፤ ላይሰማኝም ይችላል። የማደርገው ለጽጌ ይሁን ለሕሊናዬ እሱንም በቅጡ አላውቀው።

«ምነው?» አለች ባለቤቴ።

«ዛሬ እጾማለሁ።»

«በማክሰኞ?» ሽሮውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አሸተተችው፤ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ተው እንግዲህ! ዛሬ ደግሞ ምኑ አልጣመህም?»

ጽጌ በሰላም ትገላገል እንጂ፣ ባለቤቴ ባታምነኝም ግድ የለኝም። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ርቦኛል።