በእናቴ መዳፍ ላይ የተጠራ ጨዋታ

መጀመሪያ የሰማችው እናቴ ናት። መስከረም ላይ ከልምምድ ተመልሼ፣ አትላንታ አጠገብ ታከር ያለው ቤታችን ገብቼ "እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?" ስላት ጭንቅላቷን ወደ እኔ ዘንበል አደረገች። ግላኮማ ሁለቱንም ዓይኖቿን ከወሰደባት ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው የምታየው በጆሮዋ ነው።

"ናቲ፣ ድምፅህ ውስጥ አሸዋ ገብቷል" አለችኝ።

ሳቅኩ። ሲዝን ነው፣ በውድድር ወቅት ሁሉም አሠልጣኝ እንዲህ ነው አልኳት።

ውሸት አልነበረም። ሥራዬ የአሜሪካን ፉትቦል ነው፤ አትላንታ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኳርተርባኮች አሠልጣኝ ነኝ። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ኳርተርባክ ማለት ኳሷን ይዞ ለማን እንደሚወረውር በቅጽበት የሚወስን ልጅ ነው፤ እሱ ሲያስብ ቁመታቸው በር የሚሞላ ሰዎች ከመሬት ሊደባልቁት እየሮጡ ይመጣሉ። እናቴ ይህን ከነገርኳት ጀምሮ "የጭንቁ ልጅ" ነው የምትለው። በየዓመቱ የአዲሱን ልጅ ስም ጠይቃኝ ትጸልይለታለች። የእኔ ሥራ ያንን ልጅ ማስተማር ነው፤ ማስተማር ደግሞ መናገር ነው፤ ጠዋት በስብሰባ ክፍል፣ ከሰዓት በሜዳ፣ ቅዳሜ በጨዋታው መሐል። ኅዳር ደርሶ ድምፁ ያልጎረነነ አሠልጣኝ ዓመቱን ሙሉ የለገመ ይመስላል። እርስ በርስ በድምፃችን እንቀላለዳለን፣ ማርና ዝንጅብል እንቀባበላለን። በዚያ ክፍል መሐል የጉሮሮ ካንሰር ገብቶ ቢቀመጥ ማንም ከሌላው አይለየውም። ገብቶም ተቀምጦ ነበር።

ጥቅምት ላይ ስውጥ ግራ ጆሮዬን ይወጋኝ ጀመር። ኅዳር ላይ ሲዝኑ አለቀ። የባልደረቦቼ ድምፅ አንድ በአንድ ተመለሰ፣ የእኔ ቀረ። ባለቤቴ ሜሮን ነርስ ናት፤ እናቴ በአማርኛ፣ እሷ በጉራማይሌ ሲጨቀጭቁኝ ከርመዋል። አንድ ቀን ሜሮን ቁርጡን ነገረችኝ። "ናቲ፣ ኢንሹራንስ አለህ፣ ሲዝንህ አልቋል፣ ምን ኤክስኪዩዝ ቀረህ? አፖይንትመንቱን ስኬጁል አድርጌልሃለሁ፣ እኔው ድራይቭ አደርግሃለሁ።"

የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሟ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገባች። ምርመራው ላሪንጎስኮፒ ይባላል፤ ከማስጠላቱ በቀር አያምም። በስክሪኑ ላይ የገዛ የድምፅ አውታሮቼን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ዕድሜ ልኬን ስጮህባቸው የኖርኩት ሁለት ቀጫጭን ነጭ ክሮች። እንዴት እንደገረሙኝ! ከዚያ ዓይኔ ሌላ ነገር አየ። እንጀራዬ የጨዋታ ፊልም እያዩ ማን እንዳልተንቀሳቀሰ መለየት ነው። ሐኪሟ ከመናገሯ በፊት አወቅኩት። ቀኙ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ግራው አይንቀሳቀስም።

ለባዮፕሲ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ መጣ። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው ካንሰር። ሲጋራ አጭሼ አላውቅም ብዬ ተከራከርኩ፤ ሐኪሟ አልፎ አልፎ እንዲህም ይሆናል አለች። ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ዕጢው ከማንቁርቴ አልፎ ለስላሳውን አጥንት ነክቷል።

ቀዶ ጥገና የምታደርግልኝ ዶክተር ወንበሯን አጠገቤ ስባ ተቀመጠች። "ሕይወትህን ማትረፍ የምንችል ይመስለኛል" አለችኝ። "ማንቁርትህን ግን አንችልም።"

ቶታል ላሪንጀክቶሚ። ማንቁርቱ በሙሉ ይወጣል። የአየር ቧንቧው አንገት ሥር ባለ ቀዳዳ ላይ ይሰፋል፤ ቀዳዳው ስቶማ ይባላል፣ ከዚያ በኋላ የሚተነፈሰው በእሱ ነው። ጨረር ይከተላል። ከጨረሩ በኋላ ቮይስ ፕሮስቴሲስ የምትባል ትንሽ መሣሪያ ተተክላ በሌላ መንገድ መናገር ይቻል ይሆናል። ለሁሉም ሰው አይሠራም አለችኝ። እስከዚያ ለወራት ዝምታ ነው።

ሜሮን እጄን ይዛ ስለ ቀኑና ስለ መድኃኒቱ ትጠይቃለች፤ እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ። ተጫዋቾቼ ዓይን አላቸው፣ በሰሌዳ እጽፍላቸዋለሁ። ለሜሮን ቴክስት አደርጋለሁ። እናቴ ግን እኔን የምታውቀኝ በድምፄ ብቻ ነው። ድምፄ ሲሄድ ለእሷ ልጇ ከቤቱ ይወጣል። ከካንሰሩ ይልቅ ያስፈራኝ ይኸ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ትንሽ መመለስ አለብኝ፤ መውጫውን ያገኘሁት ከእሱ ነውና። በዲቪ ስንመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አትላንታ ዳር ኢስት ፖይንት ተከራይተን አባቴ የአየር ማረፊያ ሻትል ይነዳ ነበር፣ እናቴ አውሮፕላን ታጸዳ ነበር። ፉትቦል ያየሁት እዚያ ትምህርት ቤት ነው፤ አንድ ልጅ ጣቱን አንሥቶ ሌሎቹን አሥር ሲያስቆማቸው አይቼ ያ ልጅ መሆን ፈለግኩ። ኮሌጅ ስገባ ሦስተኛ ኳርተርባክ ሆንኩ፤ ሦስተኛ ማለት ሁለቱ ካልተሰበሩ የማይገባ ማለት ነው። ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ። በጨዋታ ላይ አንዲት ኳስ ሳልወረውር ተመረቅኩ።

የሠራሁት ከመስመሩ ዳር ቆሜ በእጄ መናገር ነበር። ስታዲየሙ ሲጮህ የአጠገብህን ሰው እንኳ አትሰማም፤ ስለዚህ የጨዋታው ጥሪ፣ ማለትም ቀጥሎ ምን እንደሚጫወቱ የሚነግራቸው ትእዛዝ፣ የሚተላለፈው በምልክት ነው። ክርን ነካ፣ ግንባር ዳበስ፣ ደረት መታ። አንድ ሕግ አለ፦ ሜዳ ውስጥ ያለው ልጅ ሲገባው ሄልሜቱን በመዳፉ ይነካል፤ ካልነካ ምልክቱ እንዳልተላከ ይቆጠራልና ይደገምለታል። እኔ የማይገባውን ልጅ ከሩቅ መለየት ቻልኩ፣ አሠልጣኞቹም ይህን አዩ። እንደዚያ ሥራ ሆነልኝ። አላባማ፣ ቴነሲ፣ ስማቸውን እናቴ አስተካክላ የማትጠራቸው ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ስዞር ኖሬ፣ አባቴ ሲሞትና ዓይኗ ሲደክም ወደ አትላንታ ተመለስኩ።

እና ቀዶ ጥገናው ሳምንት ሲቀረው ከእናቴ ጋር የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥንና መዳፏን ገልብጬ ያዝኩ። አንድ ጊዜ መታ ካደረግኩ "እኔ ነኝ" ማለት ነው። ሁለት ጊዜ "ደህና ነኝ"። ከእጅ አንጓዋ ወደ ጣቶቿ ካሰመርኩ "ሄድኩ"፣ ከጣቶቿ ወደ አንጓዋ "መጣሁ"። ክብ ከሠራሁ "ጸልዪልኝ"። ሲገባት ደግሞ አውራ ጣቴን ጨበጥ ታደርጋለች። እሷም ለራሷ አንድ ምልክት አወጣች፤ ክንዴን መቆንጠጥ "ብላ" ማለት ሆነ። አፍ እያላት ለምን ምልክት እንዳስፈለጋት ስጠይቃት "አንተ ዝም ብለህ እኔ ብቻዬን ልለፈልፍ?" አለች።

የጭንቁን ልጅ ሥራ በአንድ ከሰዓት ተማረችው። ሜሮን ደግሞ ድምፄን በስልኳ ቀዳች፣ ለእማዬ ይሁን ብላ።

ቀኑ ደረሰ። ከመተኛቴ በፊት ሜሮንን አመሰገንኳት። በዚያ ድምፅ የተናገርኩት የመጨረሻው ነገር እሱ ነው።

ነቃሁ። አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። አየር እንኳ በአፌ አይወጣም። ደነገጥኩ። አንገቴ ሥር አንድ ነገር ይነፍሳል። እኔ ነበርኩ።

እናቴን አመጡልኝ። ወንበር ሰጧት። አዳመጠች። ከዚያ "ትንፋሽህ ቦታ ቀይሯል" አለችኝ። ማንም አልነገራትም። መዳፏን አንድ ጊዜ መታሁ። አውራ ጣቴን ጨበጥ አደረገች። አለቀስኩ። ያለ ድምፅ ማልቀስ ከባድ ነው፤ አይወጣልህም።

በአፍንጫ የገባ ቱቦ መገበኝ። ከዚያ ጨረሩ መጣ። የአንገቴ ቆዳ ጠቆረ፣ ተላጠ። ምራቅ መዋጥ ሥራ ሆነ። ሽታ ጠፋኝ። ትኩስ ሽሮ እፍ ማለት እንደማልችል ያወቅኩት ምላሴን አቃጥዬ ነው። ሻወር ስገባ ስቶማውን መሸፈን አለብኝ፤ ውኃ ከገባ ቀጥታ ሳንባ ነው። እናቴ ቤት ውስጥ የሆንኩበት ክፍል መጥታ እጇን ትዘረጋለች፣ እኔ እመታለሁ፣ ትጨብጣለች፣ ትሄዳለች። ሜሮን የቀዳችውን ድምፅ አንድ ጊዜ አሰማቻት። "ዝጊው፣ ሰውየው እኮ እዚሁ አለ" አለች እናቴ። ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

ዋናው አሠልጣኝ ወንበርህ ይጠብቅሃል ብሎኝ ነበርና፣ ጨረሩ አልቆ ጉልበቴ መለስ ሲል በፀደዩ ልምምድ ሰሌዳና ማርከር ይዤ ወደ ሜዳ ተመለስኩ፤ አንገቴ ላይ ስቶማውን የሚሸፍን ጨርቅ አስሬ፣ ልጆቹ ያዝኑልኛል ብዬ እየፈራሁ። አላዘኑልኝም፤ ሥራ ነበራቸው። የዚያ ዓመት የጭንቁ ልጅ ማርከስ ይባላል፣ ሁለት ጊዜ የማያስብ ፈጣን ልጅ ነው፣ ከስህተቱ በኋላ ዞር ሲል እኔ ድሮ መልሱን አፉ ውስጥ እከትለት ነበር። አሁን ግን መጻፍ ጊዜ ይፈጃል። እኔ ግማሹን ሳልጽፍ ማርከስ ጨዋታውን በቃሉ ከልሶ፣ የት እንደሳተ ራሱ ነግሮኝ፣ ሄልሜቱን ነክቶ ይሄዳል። ማርከሬን እንደያዝኩ ከኋላው አየዋለሁ። ስንት ዓመት የማንንም ልጅ ሐሳብ ሳላስጨርስ ኖሬያለሁ እያልኩ ተገረምኩ።

በአሜሪካው በጋ መጀመሪያ ፕሮስቴሲሷ ተተከለችልኝ፤ በአየር ቧንቧውና በምግብ ቧንቧው መሐል የምትቀመጥ፣ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ነገር ናት። የንግግር ቴራፒስቱ ረጋ ያለ ትልቅ ሰው ነው፤ በመስተዋት ፊት አስቀምጦኝ ስቶማዬን በአውራ ጣቴ እንድዘጋ አሳየኝና እንዲህ አለኝ፦ "ሳንባህ እንደ ድሮው ይነፋል። አሁን የሚንቀጠቀጠው የምግብ ቧንቧህ ነው። ቃሉን ከንፈርህና ምላስህ አልረሱትም።"

የምግብ ቧንቧ! ዕድሜ ልኩን እንጀራ ሲያወርድ የኖረ፣ ማንም ተናገር ብሎት የማያውቅ ሥጋ። ዘጋሁ፣ ነፋሁ፣ ምንም። ደግሜ ነፋሁ፤ ባዶ አየር። ትከሻህን ልቀቀው አለኝ። ለቀቅኩት። ከውስጤ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ የማላውቀው ድምፅ ወጣ፣ እኔም ደንግጬ የማርከስን ጨዋታ ጥሪ ከነቁጥሩ አንበለበልኩት፤ ከሜዳ ውጭ ምንም ትርጉም የሌለው ነገር ነው። ቴራፒስቱ ሳቀ። ሜሮን አለቀሰች። እኔ እጄን አየሁ፣ መስተዋቱን አየሁ፤ ሰውነት እንዲህ ያለ ነገር ደብቆ መኖሩን እስከ ዛሬ ለማመን ይቸግረኛል። እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ፈልጌ ነበር፣ ግን አፌን ዘጋሁ። የመጀመሪያውን ቃል በጨዋታ ጥሪ አባክኜዋለሁ፤ ሁለተኛው ግን የእናቴ ነው። ሜሮን መኪና ውስጥ አናግረኝ ብትለኝ እምቢ ብዬ በጣቴ ወደ ቤት አመለከትኩ።

ቤት ከመድረሴ በፊት ግን ይህን ለምታነቡ፣ በተለይ ያው በሽታ ደጃችሁ ለቆመባችሁ፣ የምለው አለኝ። ድምፃችሁ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በላይ ከጎረነነ ዝንጅብሉን ተዉትና ጉሮሮ የሚያይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አስተማሪ፣ ሰባኪ፣ ዘማሪ፣ ነጋዴ፣ በድምፁ የሚያድር ሁሉ እንደኔ በሥራው ያሳብባልና እናንተ አታሳብቡ። ያለ ማንቁርት የሚኖር ሰው ፈልጋችሁ ከቀዶ ጥገናው በፊት አግኙት፤ እኔ ዘግይቼ አገኘሁ፣ ቀድሜ ባገኘው ብዙ ፍርሃት ይቀርልኝ ነበር። አስታማሚ የሆናችሁ፣ የሕመምተኛውን ዓረፍተ ነገር አትጨርሱበት፤ ጽፎ እስኪጨርስ ጠብቁት። እና ድምፃችሁ ሳለ ከምትወዱት ሰው ጋር ምልክት ተስማሙ፤ መልሱንም ጭምር።

ካሜራዋን ላስገባችው፣ ቢላዋውን ለያዘችው፣ ትከሻህን ልቀቅ ላለኝ፣ ቱቦዬን ላጠቡ ነርሶች፣ ከጎረቤት ከተማ ከክላርክስተን በየሳምንቱ መጥተው ለጸለዩልን የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች፣ ለማርከስ፣ ለሜሮን፤ ምስጋናዬ በዚህ በወፍራሙ ድምፄ ነው።

ቤት ስንደርስ እናቴ በረንዳው ላይ ሬዲዮዋን ከፍታ ተቀምጣ ነበር። እርምጃዬን ሰምታ ሬዲዮውን ዘጋች፤ እንደ ልማዷ መዳፏን ዘረጋች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መዳፏን አልነካሁም። አውራ ጣቴን አንገቴ ላይ አደረግኩና ነፋሁ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

እናቴ ጭንቅላቷን እንደዚያ መስከረም ዘንበል አደረገች። መዳፏ እንደተዘረጋ ቀረ። ይህን ድምፅ አታውቀውም፣ የማን ሰው ነው ትላለች ብዬ ፈራሁ። ምልክቱ አልደረሰም፣ መደገም አለበት፤ በመዳፏ ላይ ልመታላት ጣቴን ከአንገቴ አነሣሁ።

እጇ ቀደመኝ። በአየር ላይ ፈልጋ አገኘችኝና አውራ ጣቴን ጨበጥ አደረገች።