የቱሪኗ እመቤት በግርማ እጅ

ግርማ ብረት ደብድቦ አዳሪ ነው። አዲስ አበባ ባትላሜራ ሳለ የተጨራመተ ፓራፋንጎ አቅንቶ፣ ጠባሳውን በስቱኮ ሸፍኖ ያድን ነበር። ኦስሎ ግን ያረጀ መኪና የሚጨፈለቅበት ግቢ ገባና ያው መዶሻ ገዳይ ሆነ።

ቡጢውም እንደ መዶሻው ነው። አንድ ሾፌር ቢሰድበው መንጋጋውን ሰብሮታል። ያን ጊዜ አለቃው፣ "ሌላ ሰው ከመታህ አበቃ። እስከ ፋሲካ እጅህን ከሰበሰብክ ግን ጥገና ክፍል አዛውርሃለሁ" አለው። ግርማ ከዚያ ወዲህ የሚኖረው ለዚህ ነበር። ከሚኖርበት ሰፈር ከሆልምሊያ በባቡር ሲመጣ እጆቹን ብብቱ ሥር ወሽቆ ነው፤ እንደ ሁለት ክፉ ውሻ አስሯቸው።

በጾሙ መካከል አንዲት ብርማ መኪና ተጭና መጣች። ጣሊያን አገር ቱሪን ያሉ የመኪና ገላ ቀራጮች ለትርኢት ብቻ የሠሯት፣ ለዓለም አንዲት፣ ታርጋ ያልነካት። ትርኢቷ ሲያበቃ ባለቤቶቿ ማንም እንዳይቀዳት ትሰባበር ብለው ፈረዱባት። ግርማ ጓንቱን አውልቆ ኮፋኖዋን ዳሰሰ። ከቀለሙ ሥር የሰው መዶሻ አሻራ መዳፉን ነካው፤ አንድ የማያውቀው ሰው እያንጎራጎረ ያቀናት መሰለው።

"ጋሼ፣ ሽማግሌ ልላክልህ?" አለ ባልደረባው ገነነ፣ የኦስሎው የቶየን ሰፈር ልጅ፣ የብረት ዘንጉን ትከሻው ላይ አጋድሞ።

"ተው ገነነ። መስታወቷን በወግ እናውልቅ።"

"ለሬሳ ደግሞ ምን ወግ አለው?"

ዘንጉ መብራቷን አደቀቀው፤ ጎኗን ዘነጠለው። ግርማ እጆቹን ብብቱ ሥር እንደቀበረ በጉሮሮው ሙሾ ያዘ፦

መዶሻ ያቀናት መዶሻ ገደላት፣
በሰው አገር ወድቃ ምን አልቃሽ ነበራት።

ገነነ ሳቀ። ኮፋኖዋ ላይ ወጥቶ በብረት ጫማው እየረገጠ ይሸልል ጀመር። ግርማ የእናቱ መርዶ ሲነገረው እንባ እንዳልወጣው ያውቃል። "አልቅስላት እንጂ ጋሼ፤ ለእናትህስ እንዲህ አልሆንክ።"

ውሾቹ ተፈቱ። ግርማ የገነነን እግር ጎትቶ ጣለው፤ ፊቱን በቡጢ ወቃው። ከንፈሩ ተተረተረ፣ ጥርሱ በረዶው ላይ ወደቀ፣ ደሙ ብርማውን ጎን አቀለመ። መዶሻው ተነሳ። ገነነ ፓራፋንጎው ሥር ተጣብቆ ዓይኑን ጨፈነ።

መዶሻው ወረደ፤ ከገነነ ጆሮ ስንዝር አልፎ ፓራፋንጎውን በሳው። ደግሞ ወረደ። ደግሞ። ግርማ እያለቀሰ መታት፤ ጣሪያዋ እስኪሰምጥ፣ በሯ እስኪገነጠል፣ ያ ውብ ገላ የተረገጠ ቆርቆሮ እስኪመስል።

አለቃው ድምፁን ሰምቶ መጣ። "ማነው የመታህ?"

ገነነ ደም ተፋ። "ማንም። ኮፋኖው ፈንጥሮኝ ነው።"

አለቃው ወደ ግርማ ዞረ። ግርማ የተላጡ ጣቶቹን አየ። መዶሻው መጀመሪያ የት ሊያርፍ እንደነበር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

"ናይ" አለ በኖርዌይኛ፣ አይደለም ለማለት። "እኔ ነኝ የመታሁት።"

የግቢውን ቁልፍ እዚያው አስረከበ። ገነነ አፉን በመሐረብ ይዞ እስከ በሩ ተከተለው።

"አንተ ሰውዬ፣ በጥርሴ የገዛሁልህን ሥራ ጣልከው።"

ግርማ መሐረቡን ተቀበለው፤ ንጹሕ በረዶ ቋጥሮበት በቀስታ ከንፈሩ ላይ ያዘለት።