የጣፈጠው ውሃ

ናዝሬት ውስጥ የውሃ ጥራት ተቆጣጣሪ መሆን ማለት በየግቢው መሰደብ ማለት ነው። "በረኪና አጠጣችሁን" ይሉናል። እኔ ስድቡን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ክሎሪኑ ከሸተተ፣ ከቆሻሻው ጋር ታግሎ ተርፏል ማለት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ምስጋና ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ድሮ ተከራይቼ የኖርኩበት ቤት ናሙና ልወስድ ገባሁ። ባለቤቷን እንደ እናቴ ነው የማያቸው። "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ልጄ! ዘንድሮስ ውሃችሁ ጣፈጠ፤ ያ ሽታው ጠፋ" አሉኝ። ክው አልኩ።

ከቧንቧቸው ቀድቼ የመመርመሪያዋን ኪኒን ጣልኩበት። ክሎሪን ያለው ውሃ ወዲያው ይቀላል፤ የእርሳቸው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከላይ ካለው ኮንዶሚኒየም የሚወርደው የፍሳሽ መስመር ከውሃው ቧንቧ ጋር አንድ ቦይ ውስጥ ነው የተቀበረው። ውሃው በፈረቃ ሲቋረጥ፣ ባዶው ቧንቧ የሾለከውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል።

ጓዳ ውስጥ ደግሞ ከኩየራ መጥታ የወለደች ልጃቸው አለች። ጡቷ አልበቃ ብሎ ሕፃኑ የዱቄት ወተት ይጠጣል፣ ለብ ባለ ውሃ ተበጥብጦ።

"እማማ፣ ውሃውን አፍልተው ይስጡት።"

"እሺ ልጄ" አሉ። እሺታቸውን አውቀዋለሁ።

የላቦራቶሪው ውጤት የፈራሁት ሆነ። መስመሩን ለመጠገን አስፋልቱ መቆረጥ አለበት፤ አስፋልቱ የሌላ ቢሮ ነው፤ ቢሮው ደግሞ "ክረምቱ ይውጣ" አለ። አለቃዬ ላይ ጮህኩ። "ምን ላድርግ?" አለኝ። እውነቱን ነው። የቀረን ክሎሪን መጨመር ብቻ ነበር፤ ጨመርን።

በሚቀጥለው ፈረቃ ሮጬ ሄድኩ። ቧንቧው ገና ሲከፈት አፍንጫ ይሰነፍጣል። እኔ ደስ አለኝ፣ እርሳቸው ተቆጡ።

"አበላሻችሁት እኮ! ደግነቱ ጣፋጩን በበርሜል አጠራቅሜያለሁ። ለሕፃኑ ከዚያ ነው።"

"እማማ፣ እሱ ፍሳሽ ገብቶበታል! ይድፉት!"

ክዳኑን አንስተው አሳዩኝ። እስከ ታች ጥርት ያለ ነው። "ይሄ? ፍሳሽ?" ብለው ሳቁ። አራሷን ብጠራት "እማዬ ታውቃለች" አለችኝ ከጓዳ። በመጨረሻ ከቧንቧው ቀድቼ ፊታቸው ጭልጥ አደረግኩት።

"አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ትችለዋለህ" አሉኝ፣ በሐዘኔታ እያዩኝ።

ሕፃኑ አለቀሰ። "መጣሁ፣ መጣሁ" አሉና ጣሳውን በርሜሉ ውስጥ ነከሩ።