የበልግ ቀለበት

ሥራ የገባሁ ቀን አለቃዬ ዶክተሩ የጥድ ግንድ ቁራጭና የብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝና «እንደ መስታወት እስኪያበራ ፈግፍጊው» አሉኝ። እስከ ማታ ፈገፈግኩ። ያኔ ጥፍሬ ሥር የገባው የጥድ ሽታ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ሥራችን የዛፍ ቀለበት ቆጥሮ የድሮውን ዝናብ ማወቅ ነበር። ሰፊ ቀለበት ደግ ክረምት፣ ጠባብ ቀለበት ድርቅ። በማይክሮስኮፕ እያየሁ በየአሥረኛው ቀለበት ላይ በመርፌ አንድ ነጥብ እወጋለሁ። በቆጠራ የሚስተካከለኝ የለም ብዬም እኩራራ ነበር።

ቀበሌዎች ገና ወረዳ ሳይባሉ፣ እንጦጦ ላይ ነፋስ አንድ ጥድ ጣለ ተባለ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጣን፤ ዶክተሩ በየመታጠፊያው እየቆሙ ትንፋሽ ይሰበስባሉ። የዛፉ ባለቤት ጋሽ ቶሎሳ ከግንዱ ስስ ክብ ቆርጠን እንድንወስድ ፈቀዱ።

«ልጄ ክርስትና የተነሣ ዕለት የተከልኩት ነው። እሱ ዘምቶ ቀረ። ቢኖር ዘንድሮ ሠላሳ ስምንት ይሞላው ነበር» አሉ።

ቢሮ ተመልሼ ቀለበቶቹን ቆጠርኩ፤ ሃምሳ ሁለት። ደገምኩ፤ ያው። ዶክተሩ «ሽማግሌ ዓመት ይሳሳታል፤ ያንቺን ቁጥር ጻፊ» አሉኝ። ጽፌ ዝም ብል ምን ነበረበት? ሄጄ ለጋሽ ቶሎሳ ነገርኳቸው። ምነው ያን ቀን እግሬን በሰበረው!

«ጋሼ፣ ዛፉ ልጅዎን በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠዋል።»

«ታዲያ እኔ የተከልኩት የቱ ነው?» አሉ። ግቢው ውስጥ የተጋደመውን ግንድ ሲያዩ ቆዩ። ስወጣ ደህና ሁኚ እንኳ አላሉኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ክብ ከሌሎች የእንጦጦ ጥዶች ጋር ሳስተያይ አልገጥም አለኝ። የእውነተኛ ዓመት ቀለበት ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ ትርፍ የሆኑት አሥራ አራቱ ቀለበቶች ግን ጠርዛቸው ደብዛዛ ነው። ለካ የበልጉ ዝናብ ደህና በሆነበት ዓመት ዛፉ ሁለት ቀለበት ሠርቷል፤ አንዱን በበልግ፣ አንዱን በክረምት። እኔ አንዱን ዓመት ሁለት ብዬ ቆጥሬዋለሁ። እዚህ አገር ተወልጄ በልግን ረሳሁት!

ክቡን በነጠላዬ ጠቅልዬ የዚያኑ ዕለት ሽቅብ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ተሳስቼ ነበር። ዛፉ የልጅዎ እኩያ ነው።»

ጣታቸውን መሐሉ ላይ አደረጉ። «ክርስትናው ይሄ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የዘመተበትስ?»

ቆጥሬ አሳየኋቸው። ሰፊ ቀለበት ነበር።

«ዝናቡማ ደግ ነበር» አሉና እንባቸው ወረደ። እኔም አለቀስኩ።

ክቡን አልመለሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ቀለበት ከመቁጠሬ በፊት ዛፉን የተከለውን ሰው እጠይቃለሁ።