ለካሙስ ህልም ሦስት ወዳጅ

የብር አንጥረኛውን ካሙስን እጁ ወርቅ፣ ምላሱ እሬት ይሉት ነበር። በጄርባ ደሴት፣ ሃራ በሚባለው የአይሁድ ሰፈር፣ የእሱ የእጅ ሥራ ያልደረሳት ሙሽራ አልነበረችም፤ ስድቡ ያልደረሰውም ሰው እንደዚያው። የሌላ አንጥረኛ አምባር አንስቶ ገልበጥ ያደርግና «ይሄ ለሙሽራ ነው ወይስ ለአህያ?» ይላል። ገበያው ይስቃል፤ የተሰደበው ሰው ይውጠዋል፤ ካሙስም ወደ መዶሻው ይመለሳል። ስልሳ ዓመት እስኪጠጋው ድረስ ይህ ነገር አንድ ቀን እንደሚፈለግበት አስቦ አያውቅም ነበር።

አንድ ማለዳ ላብ አጥምቆት ነቃ። የቤቱ ወራጅ ተሰብሮ በሕፃን አልጋ ላይ ሲወድቅ በህልሙ አይቶ ነበር። አንድያ ልጁ ጋዛላ ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት፣ ይኼው አሁን ቀኗ ገብቶ በጎን ባለው ክፍል ተኝታለች። ካሙስ እስትንፋሷን በግድግዳው በኩል አዳመጠ፤ ቢሰማውም ልቡ አላረፈም።

ሚስቱ ሃቢባ ፊቱን አየችና ምን እንዳለመ አልጠየቀችውም። ክፉ ህልም ሲያወሩት ሥጋ ይለብሳል ይባላል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። «ሂድና አስፈታው እንጂ። የሚወዱህን ሦስት ሰዎች ፈልግ።»

«ሦስት?»

«ምነው፣ በዙብህ?»

ሥርዓቱን ሃራ ውስጥ ሕፃንም ያውቀዋል። ክፉ ህልም ያየ ሰው ሦስት ወዳጆቹን አስቀምጦ ፊታቸው ይቆምና «መልካም ህልም አየሁ» ይላል። እነሱም «መልካም ነው፣ መልካምም ይሁን» ይሉታል። ህልም እንደ ፈቺው ነውና። ብቻ ሦስቱ ከልባቸው የሚወዱት መሆን አለባቸው። በግድ የመጣ ሰው አፉ ቢባርክም ልቡ አይከተለውም።

ካሙስ መጀመሪያ የሄደው ዓሣ ሻጩ የአጎቱ ልጅ ሳሲ ዘንድ ነው።

«ሳሲ፣ ትወደኛለህ?»

ሳሲ ቅርፊት የሚፍቅበትን ቢላዋ አስቀመጠ። «አሞሃል እንዴ?»

«መልስልኝ!»

«ሥጋዬ ነህ፤ ምን ምርጫ አለኝ? እወድሃለሁ።»

«እንግዲያው እጅህን ታጠብና ተነስ።»

ሁለተኛው ምኩራብ ውስጥ ያገኛቸው ረቢው ራሳቸው ሆኑ። «ክፉ ሰው አይደለህም፤ ጯሂ ነህ እንጂ» አሉት። ሦስተኛውን ፍለጋ ካሙስ ወደ አንጥረኞቹ መንደር ወረደ።

ሃይ የሚባለው ጎረቤቱ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «አልሰማህም» አለው። «ባለፈው ‹አንተ የሠራኸው ጉትቻ ጆሮ ያደነቁራል› ብለኸኝ አልነበር? እኔው አድርጌው ደንቁሬያለሁ።»

ሌላው ደግሞ «ለጋዛላ ስል እመጣለሁ» አለ።

«እኔንስ?»

«አንተንማ ማን ይወድሃል፣ ካሙስ? ብዋሽ ህልምህን አላበላሽብህም?»

እውነቱን ነው። ካሙስ ዞሮ ዞሮ ወደ ምኩራቡ ሲመለስ፣ ጋዛላን ምጥ እንደያዛትና አዋላጇ እንደገባች ከሃቢባ ዘንድ መልእክት ደረሰው።

«ረቢ፣ ሁለት አይበቃም?»

«አይበቃም።»

«ሰው የለኝም» አለ ካሙስ። ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ረቢው «ቤኾርስ?» አሉት።

ልብስ ሰፊው ቤኾር አብሮ አደጉ ነው። ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጣራ ላይ ወጥቶ ቀንደ መለከት እየነፋ የሰንበትን መግባት የሚያበስረው እሱ ነበር። መለከቱ ከተነፋ በኋላ እሳት የነካ ሰው ሰንበትን ሻረ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ካሙስ አንድ ዓርብ እጁ ጥላሸት እንደለበሰ ዘግይቶ ምኩራብ ገባ። ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ «ጥፋቱ የዚህ ነው!» ብሎ ወደ ቤኾር ጠቆመ። «መለከቱን አዘግይቶ ሰፈሩን በሙሉ ሰንበት አሻረው!» ቤኾር አንድ ቃል አልመለሰም። በማግሥቱ ቀንዱን ለረቢው አስረከበና ወደ ሌላ ምኩራብ ሄደ።

ካሙስ ሱቁ ሲደርስ ቤኾር መርፌውን በጥርሱ ይዞ ክር ይቆርጣል።

«ክፉ ህልም አይቻለሁ» አለው ከበሩ ላይ።

«እኔን ነው ያየኸው?»

«አትቀልድ። ጋዛላ ምጥ ላይ ናት። የሚወደኝ ሦስተኛ ሰው አጣሁ።»

«ሁለት አገኘህ ማለት ነው? እሱስ ተአምር ነው።»

ካሙስ በልማዱ ሊመልስለት አፉን ከፈተና ተወው። የበሩን መቃን ያዘ። «ያን ዓርብ መለከቱ አልዘገየም፣ ቤኾር። ሰምቼዋለሁ። የአንዲት ሙሽራ አልቦ ጥቂት ቀርቶኝ እሳቱን አላጠፋሁም። አፍሬ ነው በአንተ ላይ የጮኽኩት። ለሰው ሁሉ እናገራለሁ፤ አሁን ግን ቂም አትያዝብኝ።»

ቤኾር መርፌውን ከጥርሱ አወጣ። «ጣራ ላይ እኮ ነበርኩ፤ የማንደጃህን ጭስ አላየሁም ብለህ ነው?»

«አይተህ ነበር?»

«እንዴታ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? ካሙስ ሰንበት ሻረ ብዬ? ከዚያ በኋላ ከአንተ ዘንድ ማን የሠርግ ጌጥ ያሠራል?» ቤኾር ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። «ባልወድህማ በዚያው ሌሊት ሃራ በሙሉ ይሰማው ነበር። ና ውጣ፣ በሩን ልዝጋ፤ ልጅቷ ምጥ ላይ ናት።»

ሳሲንና ረቢውን ከምኩራቡ ይዘው ወደ ቤት ሲሄዱ፣ ካሙስ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ረቢውን ጠየቃቸው። «ይሄ ነገር ከላይ የተቆረጠውን ይቀይራል?»

«የእግዚአብሔርን ሥራ ለእሱ ተውለት» አሉ ረቢው። «ክፉ ህልም ሰውን ‹ብቻህን ነህ› ይለዋል። እኛ የምንቀመጠው ‹ውሸት ነው› ልንለው ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቆመህ ትቀበላለህ።»

ሦስቱ በካሙስ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከውስጥ የጋዛላ ጩኸት ይሰማል። ካሙስ ፊታቸው ቆመ።

«መልካም ህልም አየሁ» አለ።

«መልካም ህልም አየህ። መልካም ነው፣ መልካምም ይሁን። መሐሪው መልካም ያድርገው።»

ሦስት ጊዜ አለው፤ ሦስት ጊዜ መለሱለት። በመጨረሻው የቤኾር ድምፅ ከሁሉም በልጦ ግቢውን ሞላው። ከውስጥ አዋላጇ «ቀስ በሉ፣ እዚህ ሰው እየወለደ ነው!» ብላ ተቆጣች። ሳሲ ፈገግ አለ።

ምጡ ረዘመ። ካሙስ ግን እንደ ጠዋቱ በግድግዳ አላዳመጠም፤ በሳሲና በቤኾር መካከል ተጨምቆ ተቀመጠ። ጩኸቱ በበረታ ቁጥር ቤኾር ክንዱን ይይዘዋል። ምን እንደሚመጣ አያውቅም፤ ግን ጠዋት ደረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ የለም።

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል ሃቢባ ፀጉሯ ተበታትኖ ወጣች።

«ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው። ድምፅዋን ስሙልኝ፣ ቁርጥ አያቷን!»

ሳሲ «እግዚኦ፣ ሌላ ካሙስ!» አለና ሁሉም ሳቁ። ቡኻ የሚሉትን የበለስ አረቄና መለኪያውን ይዘው ጎረቤቶች መግባት ጀመሩ፤ ሃይም መጣ። እንኳን ደስ አለህ ሊሉት ቢፈልጉ፣ ካሙስ በቤኾር ትከሻ ላይ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል።

«ቀስቅሰው እንጂ» አለ ሃይ።

«ተወው» አለ ቤኾር፤ የደነዘዘ ትከሻውን ሳያንቀሳቅስ መለኪያውን በሌላ እጁ እየተቀበለ። «ዝም ሲል ጥሩ ሰው ነው።»