ባዶ ወንበር ያሸነፈው ጋረደው

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ጋረደውን በስሙ የሚጠራው ጥቂት ነው። በርና አልጋ የሚበይድበት ወርሻው ድረስ መጥቶ ሥራ የሚያዘው ሱዳናዊ «ኡስታ»፣ ባለሙያው፣ ይለዋል፤ ያገሩ ሰው ግን «ባለ ወንበሩ» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት በቼዝ ነው።

በየሺመቤት ሻሂ ቤት የሚጫወቱበት ጠጠር ሁሉ የእሱ የእጅ ሥራ ነው። ንጉሡ የተቃጠለ ካንዴላ፣ ወታደሮቹ ብሎን፣ ፈረሱ ጎበጥ ተደርጎ የተበየደ የሰንሰለት ቁራጭ። በ1991 ዓ.ም. በእነዚሁ ጠጠሮች ከቱርካ ጋር ለሻሂ ቤቱ ሻምፒዮንነት ገጠመ። ቱርካ የሰሊጥ መኪና ረዳት ነበር፤ ተጫዋች ነው ከተባለ እሱ ነው። ሦስት ለሦስት ሆኑ። የመለያው ጨዋታ በተቀጠረበት አርብ ግን ቱርካ ቀረ። ዳኛው ሁዜይፋ የደወል ሰዓቱን ሞላ፤ ሰዓቱ እስኪጮኽ ሁሉም ባዶ ወንበር ሲያዩ ቆዩ፤ ሲጮኽ ሁዜይፋ የጋረደውን እጅ ወደ ላይ አነሳ። ቱርካ ያን ለት ማለዳ በከሻ፣ መታወቂያ የሌለው በሚለቀምበት አፈሳ፣ ተይዞ ወደ መተማ መሻገሩ የተሰማው ኋላ ነው።

«ማንን አሸነፍህ?» ይሉታል። ራሳቸው ይመልሱታል፤ «ወንበር!»

«የዓለም ሻምፒዮኑ ካርፖቭም እኮ ፊሸር ቀርቶበት ነው የነገሠው» ብሎ ተከራከረ አንድ ቀን።

«እሱስ መች በዋዛ ታመነለት?» አለው ሁዜይፋ። «ስሙን ለማጥራት ስንት ውድድር ዞረ!»

ጋረደውም ዞረ። ከሰላ ሄዶ አሸነፈ፤ ሀዋታ ወርዶ አሸነፈ። ሲመለስ የሚጠብቀው ያው ነው፤ «ቱርካ ቢኖር ኖሮ...»

በ2004 ቱርካ መጣ። የእህቱ ልጅ ትህትና ለሕክምና ከሑመራ ይዛው ተሻግራ ነው። ግራ ጎኑ ሞቷል። «ጎኑን ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሻሂ ቤቱ ሞላ። «ያ ቱርካ! ይኸው ሰውዬህ፤ ወንበርህን አስመልስ!» ቱርካ ሳቀ። ጋረደው ጠጠሮቹን በናፍጣ ወልውሎ ደረደረ። ዛሬ ቢያሸንፍ ስሙ ይመለሳል፤ ከዛሬ ሌላ ቀን የለውም።

«አያ ጋረደው፣ ሻሂህ በረደ እኮ» አለችው የሺመቤት።

«ይብረድ።»

የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ቱርካ እንደ ድሮው ፈጠን ፈጠን እያለ ተጫወተ፤ እጁ ለምዶታል። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ፈረሱን አነሳና አየር ላይ ያዘው። ቆየ። ሰሌዳውን አየ፤ የሚያሳርፍበት ጠፋው። ቀና ብሎ የጋረደውን ፊት አየ፤ ገበያ መሀል እናቱ የጠፋችበት ሕፃን እንደሚያይ።

ጋረደው ያኔ ገባው። ፈረሱ ሳያርፍ፣ ሰዉም ሳይነቃ፣ የራሱን ካንዴላ በጣቱ ገፋ፤ ንጉሡ ተጋደመ።

«ኸላስ፣ አበቃ፤ ተረትቻለሁ» አለ። «ከዚህ በኋላ መውጫ የለኝም።»

«ዋ! ምን አይቶ ነው?»

«ትልቅ ተጫዋች እንዲህ ነው፤ ሞቱን ቀድሞ ያያል!»

«ድሮስ ከወንበር በቀር ማንን ረትቶ ያውቃል!»

ጋረደው ቱርካን ደግፎ ራክሻ የሚሏት ባጃጅ ላይ አወጣው። ቱርካ በደህና እጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አይዞህ ወንድሜ፣ ገና ትማራለህ። እዚህ አንድ በያጅ ነበረ፤ ጋረደው የሚሉት። እሱ ቢሆን እንዲህ በዋዛ አይወድቅልኝም። ያን አርብ ብመጣም እኮ የሚያሸንፈው እሱ ነበር።»

ትህትና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ጋረደው ግራ ቀኙን አየ። ሌላ የሰማ ሰው አልነበረም፤ ሹፌሩ አማርኛ አይሰማም።

«አውቀዋለሁ» አለው። «ሰላም ብሎሃል እለዋለሁ።»

«በልልኝ።»

ሲመለስ ሰዉ ሰሌዳውን ከቦ ይከራከራል። ሁዜይፋ ፈረሱን ጨብጦ፣ «እስቲ ንገረን» አለው፣ «የት ሊያሳርፈው ነበር?»

ጋረደው ጎንበስ አለ። ቱርካ ድሮ ሲጫወት ፈረሱን የሚያሳርፍበትን ቤት በጣቱ ነካ፤ የበረደ ሻሂውን አንስቶም ጠጣ።